ዋጋውን አስቀድሞ መቁጠር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ብዙዎች የሚከራከሩበትን ጉዳይ ነው። ይኸውም በየቤቱ የገባው ቴሌቪዥን፣ ስልክና በመብራት የሚሠራው ሌላው ዕቃ ሁሉ የቤተ ሰብ አባካኝነት ምልክት ነውን? የሚል ነው። ከወልድያ እስከ መርሳ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በሀብሩም ገጠር ሳይቀር፣ በቆርቆሮው ክዳን ላይ ዲሽ ተተክሎ ይታያል። ይህን አይተው «ድኻ ጎተራው ሳይሞላ ቴሌቪዥን ይገዛል» እያሉ የሚፈርዱ አሉ። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንመርምር።

ዕቃው በራሱ ኃጢአት አይደለም። ይህ ትምህርት እንኳ ወደ እናንተ የሚደርሰው በራዲዮ ነው። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በወልድያና በመርሳ መብራትና ስልክ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ በውጭ አገርና በአዲስ አበባ ያሉ ልጆች የእናት የአባታቸውን ደኅንነት ሳያውቁ በጭንቀት ሰንብተዋል። እንግዲህ ያን ጊዜ ያየችውን እናት «ስልክሽ ቅንጦት ነው» ብሎ የሚገሥጻት ማን ነው?

ታዲያ አባካኝነት የሚለካው በምንድር ነው? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲያስተምር፣ ይህ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ሊቈጥር እንደሚገባው ነግሮናል። ግንብ መሥራትን አልከለከለም፤ ሳይቈጥሩ መጀመርን ግን ነቀፈ። ስለዚህ የምንጠይቀው «ምን ተገዛ?» ብለን ብቻ ሳይሆን፣ «በማን ላብ ተገዛ? ስለ እርሱስ ምን ቀረ?» ብለን ነው።

ከሀብሩና ከአካባቢው ብዙ እኅቶቻችን ወደ ዐረብ አገር ተሰደው በሰው ቤት ያገለግላሉ። የሚልኩት ገንዘብ እንቅልፍ ያጡበት፣ ናፍቆት የቻሉበት ነው። ቤተ ሰብ ግን ጎረቤት ስለ ገዛ ብቻ፣ ከጎረቤትም ላለማነስ ብሎ፣ ይህን ገንዘብ በትልቅ ቴሌቪዥን ቢለውጠው ምን ይባላል? በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ የገቡት ባዶ እጃቸውን ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ የላከችው ተቀምጦ ከጠበቃት መቋቋሚያ ይሆናታል። ያለቀ እንደ ሆነ ግን፣ ከፊቷ የሚቀረው መንገድ ያው የስደቱ መንገድ ነው። አባካኝነት ማለት ይህ ነው፤ የልጅን ዕድሜ ለዐይን ደስታ መክፈል።

«ብር በእጅ ሲቈይ ዋጋው ይቀንሳል፤ ዕቃ ይሻላል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ለሁሉ ታይቷል። ነገር ግን በግ ትወልዳለች፣ መስኖ የገባበትም መሬት ፍሬ ይሰጣል፤ ቴሌቪዥን ግን ያረጃል እንጂ አይወልድም።

ይህን ስንል ወጣቶችን ብቻ አንወቅስም። ልጁን ስለ ስልኩ የሚቈጣ አባት፣ እርሱ ራሱ ለሠርግ ድግስ በሬውን ሸጦ፣ ባይበቃውም ተበድሮ ከሆነ፣ ሚዛኑ አንድ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፣ ክርስቶስ በድኻው አካል ተርቦ በደጅ ሳለ መንበሩን በወርቅ ጽዋ ማስጌጥ እንደማይጠቅም አስተምሯል። የቤተ መቅደስ ንዋይ እንኳ ድኻውን ለመርሳት ምክንያት ካልሆነን፣ የሳሎናችን ዕቃ እንዴት ይሆነናል?

ስለዚህ፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ከመግዛታችን በፊት አባትና እናት አብረን እንቀመጥ። በባዕድ አገር ያለችውንም ልጅ በዚያው ስልክ ጠርተን አሳቧን እንጠይቃት፤ ገንዘቡ የእርሷ ነውና። ድርሻዋን በስሟ በባንክ እናስቀምጥላት፤ ዕዳችንን እንክፈል፤ የድኻውን ክፍል እናውጣ። ከዚህ የተረፈ ቢኖርና ዕቃ ቢገዛበት ማንም አባካኝ ብሎ አይፈርድብንም፤ ኅሊናችንም አይወቅሰንም።

በትሩፋት ሥራ እንድንጸና፣ የተሰደዱትንም በሰላም ለአገራቸው እንዲያበቃልን የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።