ባዮዲዝል፦ ከዘሩ በፊት ምርመራው



የባዮፊውል ልማት ስትራቴጂ በወጣበት በ2007 እ.ኤ.አ. ሰሞን፣ በወላይታ አንዳንድ አርሶ አደሮች የእህል ማሳቸውን ለጉሎ ሰጥተው ነበር። ማሳ ሲሰጥ የዓመቱ ቀለብ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከዘሩ በፊት ዘይቱ መመርመር አለበት።

የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው። ከእርሱ ብቻ የተሠራ ባዮዲዝል በአውሮፓ ደረጃ የተወሰነውን የውፍረት ጣሪያ ስለሚያልፍ ከሌላ ነዳጅ ጋር ይደባለቃል።

በአሠራሩ 100 ኪሎ ዘይት ከ11 ኪሎ ያህል ሜታኖልና ከጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሃድ ወደ 100 ኪሎ ባዮዲዝልና 10 ኪሎ ግሊሰሪን ይገኛል። ዘይቱ አሲድ ከበዛበት ግን ሳሙና ይሆናል። ሳይደርቅ የተከማቸ ዘር አሲዱን ከፍ ያደርጋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ኦሎምፒያ ባሉ ሰፈሮች ከምግብ ቤቶች የሚወጣው የመጥበሻ ዘይት ማሳ አይሻማም፤ እርሱም ቢሆን አሲዱ አስቀድሞ መለካት አለበት።

የመጥበሻ ዘይቱ ውህደት ማለቁን ለማወቅ 3 ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ይጨመራል። ከሥሩ ዘይት ከዘቀጠ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ሜታኖል መርዝና ተቀጣጣይ በመሆኑ ምርመራው በባለሙያ እጅ ይሁን። እርግጠኛው መልስ የሚገኘው በላቦራቶሪ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው፤ የአውሮፓው ደረጃ ቢያንስ 96.5 በመቶ ኤስተር ይጠይቃል።

በመሆኑም የዘር ውል ይዞ የሚመጣ ሁሉ የምርመራ ውጤቱንም ይዞ ይምጣ። ውጤቱ ሳይታይ ማንም አባል ማሳውን አይስጥ።

መልካም የምሥረታ በዓል!