የጎግ የሺያ ዛፍና የስቡ ጠባይ

በጋምቤላ ክልል በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው የሺያ ዛፍ፣ ከሴኔጋል ተነሥቶ ከሰሐራ በታች ባለው የሣር ምድር እስከ ኢትዮጵያ በሚዘልቀው የዝርያው ክልል ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከዘሩ የሚወጣው ቅቤ ከምዕራብ አፍሪካው ጋር አንድ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። የዕፀዋት ሊቃውንት ቪቴላሪያ ፓራዶክሳ ብለው የሚጠሩትን ይህን ዛፍ በሁለት ንዑስ ዝርያዎች ይከፍሉታል፤ የምዕራቡ ፓራዶክሳ ሲባል፣ በዩጋንዳ፣ በደቡብ ሱዳንና በኢትዮጵያ የሚበቅለው ኒሎቲካ ይባላል።

የቅቤው ጥንካሬ በአብዛኛው የሚወሰነው በሁለት የስብ አሲዶች፣ ማለትም ስብ በሚገነባባቸው ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች፣ መጠን ነው። ስቴሪክ የተባለው ሰንሰለት ቀጥ ያለ ስለሆነ ከመሰሎቹ ጋር ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ብቻውን ሲሆንም የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ኦሌይክ የተባለው ግን መካከሉ ላይ ባለው ድርብ ትስስር ምክንያት ስለሚጎብጥ ጥቅጥቅ ብሎ ሊደረደር አይችልም፤ ስለዚህም በ13 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ኦሌይክ የሚያይልበት የኒሎቲካ ቅቤ ለስላሳ ሆኖ በቆላ ሙቀት እንደ ዘይት ሲፈስ፣ ስቴሪክ በርከት የሚልበት የምዕራቡ ቅቤ ይጠጥራል፤ የቸኮሌት ፋብሪካዎች ይህንኛውን የሚመርጡትም ለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ የንዑስ ዝርያ ስም ብቻውን በቂ አይደለም። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የሺያ ዛፎችም የተለያየ ስብ ሊሰጡ ይችላሉ። የብዙ ዛፎች ዘር በአንድ ጆንያ ሲቀላቀል ይህ ልዩነት ስለሚጠፋ፣ ስቡን ለመመርመር የእያንዳንዱ ዛፍ ዘር ተለይቶ ሊለቀምና በአንድ ዓይነት መንገድ ሊደርቅ ይገባል፤ እርጥበት ይዞ የሰነበተ ዘር ሲሻግት ስቡ ፈርሶ አሲዱ ነፃ ስለሚወጣ፣ የአያያዝ ጉድለት የዛፉ ተፈጥሮ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላልና።

ዛፎቹን እየለዩ የመመርመሩ ሥራ መዘግየት የሌለበት ዛፉ ከዘር በቅሎ ፍሬ ለመስጠት ከ15 እስከ 20 ዓመት ስለሚፈልግ ነው። ለከሰል ወይም ለእርሻ ሲባል አንድ አዛውንት ዛፍ ሲቆረጥ፣ ማንም ሳይመረምረው የእርሱ ልዩ የስብ ስብጥር አብሮ ይጠፋል። የተመረጠው ዛፍ በሕይወት ከቆየ ግን ቅርንጫፉን በችግኝ ላይ አዳቅሎ ጠባዩን ማቆየትና የፍሬውን መዘግየት ማሳጠር ይቻላል።