ደቻቱ ሲመጣ ስልኩን የሚደውለው ማነው?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አስተዳደር ነው። ከአሁኑ ያዛጋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አልፈርድም። «መልካም አስተዳደር» የሚለው ቃል ከስብሰባ ብዛት ጣዕሙ ጠፍቷል። ስለዚህ ከስብሰባው ሳይሆን ከወንዙ ልጀምር።

ደቻቱን ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል፣ ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሄድ ሰው ድልድዩን ትቶ በአሸዋው ያቋርጣል። ወንዝ መሆኑ ይረሳል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ወንዝ መሆኑን አሳየን። በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ሁሉ ተጠራቅሞ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ሬሳው ሳይገኝ የቀረ አለ። ሺዎች ቤታቸውን አጥተው መጠለያ ገቡ። ያኔ ያልተወለዳችሁ ካላችሁ ቤት ውስጥ ጠይቁ፤ ያንን ሌሊት የማይረሳ ሰው በየቤቱ አታጡም።

«የእግዜር ሥራ ነው» የሚል አለ። ዝናቡ አዎ። ማንም ባለሥልጣን ዝናብ አላዘነበም። ግን እስቲ አቀማመጣችንን አስቡት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላያችን ያለው የደንገጎ ደጋ 2,000 ሜትርን ያልፋል። ላይ ዶፍ ሲወርድ ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሊታይ ይችላል። ወንዙ ዳር የተኛ ሰው ጎርፍ እየመጣበት መሆኑን በምን ያውቃል? ላይ ያለ ሰው ታች ላለው በጊዜ ከነገረው ብቻ ነው። አቦ፣ ስልክ እኮ ነው የምላችሁ! ሮኬት አይደለም።

ታዲያ ያንን ስልክ መደወል የማን ሥራ ነው? ሜትሮሎጂ ዝናብ ይተነብያል። የአደጋ መሥሪያ ቤቱ እህልና ብርድ ልብስ ያድላል። ቀበሌው ወንዙ ዳር ማን እንደሚኖር ያውቃል። መሬት የሚሰጠውም፣ ሰው ወንዙ ውስጥ ሲሠራ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈውም ሌላ ቢሮ ነው። ሁሉም ቁራጭ ቁራጩን ይዟል። ሙሉውን ማን ይዞታል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው፤ «የሚመለከተው አካል»። ይሄ አካል የሚባል ነገር ይገርመኛል። እጅ የለው፣ እግር የለው፣ ስልክ የለው። ሰው ሲሞት ብቻ መግለጫ ይሰጣል።

ይሄ የድሬ ብቻ ችግር አይደለም። በዚያው ክረምት፣ ከኛ በሳምንቱ፣ ደቡብ ኦሞ ላይ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። ሁለት ወንዝ፣ የአገሪቱ ሁለት ጫፍ፣ አንድ ሳምንት። ከወሎው ረሃብ በኋላ በ1966 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት እኮ ያኔ ከ30 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። መጀመሪያ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። በ1987 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ። ቀጥሎ ኤጀንሲ ሆነ። ቀጥሎ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ገብቶ የሥራ ዘርፍ ሆነ። ከዚያ ደግሞ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን። ታፔላ የሚጽፈው ሰውዬ ሥራ አላጣም። አንድ መሥሪያ ቤት ስሙን በቀየረ ቁጥር ግን ያለፈውን ጥፋት የሚጠየቅበት ሰው ይጠፋል፤ «ያ የድሮው መዋቅር ነው» ትባላላችሁ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ድሬ ለዓመታት የተዳደረችበትን ኮታ ታውቃላችሁ፤ 40 ለኦሮሞው ድርጅት፣ 40 ለሶማሌው፣ 20 ለሌላው። ስለ ብሔር ክርክር ዛሬ አልገባም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ኮታው ወንበሩን ለክቶ አከፋፈለ፤ ተጠያቂነቱን ግን ለማንም አላከፋፈለም። ኃላፊው ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሥራው ምን እንደሆነ የምናውቅ ስንት ነን? እሱ ራሱስ ያውቃል? ከታች ያለው ሕዝብ እንዳይጠይቀው ደግሞ ጊዜውም አልፈቀደም። የከተማው ምክር ቤት ምርጫ በ2005 ተደረገ፤ የሚቀጥለው በ2013። ለአምስት ዓመት የተመረጠ ምክር ቤት ስምንት ዓመት ተቀመጠ። ቻርተሩ፣ አዋጅ ቁጥር 416/1996፣ እዚያው መደርደሪያው ላይ እያለ።

እኛም አለንበት። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያለ የሚኖር ከተማ ነው፤ ሌላው አገር ይስቅብናል፣ እኛ ግን እንኮራበታለን። ቢሮ ስንገባ ግን ምን ይነካናል? መስኮቱ ላይ አንገት ደፍተን «እባክዎ ጌታዬ»። መንገድ ላይ «አንተ» ያልከውን ሰውዬ ወንበሩ ላይ ስታገኘው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያቅትሃል።

አገር ድሃ ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ። ባንግላዴሽን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ ማዕበል 300,000 ገደማ ሰው አለቀባቸው። ሀብታም እስኪሆኑ አልጠበቁም። በየመንደሩ ወጣት በጎ ፈቃደኛ አደራጁ፤ መሣሪያቸው ሬዲዮ፣ የእጅ ማይክራፎን፣ ባንዲራና ብስክሌት። ማን ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ ተወስኗል። በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ ማዕበል ሲመታቸው የሞተው ሰው በሺዎች ነው፤ አሁንም ብዙ ነው፣ ግን ከ300,000 ጋር አስተያዩት።

እኛ ጋ ምንም አልተሠራም አልልም፤ ውሸት ይሆናል። ከ1998 በኋላ ወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል፣ ለተፈናቀሉትም ቤት ተሠርቷል። ግንብ ግን አይደውልም። ሚያዝያ 2012 ጎርፍ እንደገና ገባ፤ እንደገና ሰው ሞተ።

አሁን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ሰልፍ አይደለም፣ ስድብም አይደለም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ቀበሌያችሁ ሂዱና በትህትና ጠይቁ። ዘንድሮ ክረምት ደንገጎ ላይ ዝናቡን የሚያየው ሰው ስሙ ማነው? ለማን ነው የሚደውለው? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድሬ ውስጥ ያንን ስልክ የሚያነሳው ማነው? ካነሳ በኋላስ ገንደ ቆሬ ያለችውን እናት ማን ይቀሰቅሳታል? «የሚመለከተው አካል» ካሏችሁ ስሙን ጠይቁ። ስም ያገኛችሁ እዚሁ ጻፉልን። ያላገኛችሁም ጻፉ፣ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ጨምራችሁ።