«የሰው ካፒታል» ብለን ስንጽፍ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከጽሑፍ ዝግጅት ቡድኑ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ እንድንናገር የተሰጠን ስለ አንድ ቃል ብቻ ነው። የቡናውን ሰዓት እንዳንሻማ ቶሎ ወደ ነገሩ እንገባለን።

ለመጽሔታችን የምትልኳቸውን ጽሑፎችና የየቡድኑን ሪፖርት ስናነብ «የሰው ካፒታል» የሚለው ቃል እየበዛ መጥቷል። ከሥልጠናም ተሰምቷል፣ ከሬዲዮም፣ ከፕሮጀክት ሰነድም። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ይውጣ አንልም። ችግሩ በአንዱ ጽሑፍ ሰው፣ በሌላው ሥልጠና፣ በሦስተኛው የሠራተኛ ቁጥር መሆኑ ነው። «ቡድናችን 24 የሰው ካፒታል አለው» የሚል ስናይ «24 አባላት አሉት» ብለን እናርማለን። ለምን እንደምናርም እንንገራችሁ።

ካፒታል ማለት ዛሬ ተይዞ ነገ ገቢ የሚያመጣ ነገር ነው። ይህን ጉሊት የተቀመጠች ሴት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የልብስ ስፌት መኪና ካፒታል ነው። ጨርቁን ሳያባክን የሚቆርጠው እጅ፣ ልኩን የሚያነበው ዐይን፣ ቀኑን ሙሉ የሚያስቀምጠው ጤና ደግሞ የሰው ካፒታል ይባላል። ሰፊዋ ራሷ ግን ካፒታል አይደለችም፤ ባለካፒታሏ ናት። ስለዚህ ቃሉ ዕውቀትን፣ ችሎታንና ጤናን ይጠራል እንጂ ሰውን አይጠራም፤ እንደ ራስም አይቆጠርም።

ይህ ጥቃቅን ነገር መልቀም የሚመስላት ትኖር ይሆናል። ቃሉን ያስፋፉት ሰዎች ራሳቸው ፈርተውት እንደነበር ብናስታውስ ግን አይከፋም። አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ተምሮ ያገኘውን ችሎታ ከካፒታል ቆጥሮት ነበር። ሐሳቡን በእኛ ዘመን ያነሣው ቴዎዶር ሹልትዝ በ1960 ለአሜሪካ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ባደረገው ንግግር፣ ስለ ሰው እንዲህ መናገር ብዙዎችን እንደሚያስቀይምና ባርነትን እንደሚያስታውስ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ጌሪ ቤከርም በ1964 ለወጣው መጽሐፉ ይህን ርእስ ለመስጠት አመንትቶ ነበር። ሁለቱም በየጊዜያቸው የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ጀርመን ውስጥ ግን በየዓመቱ የማይገባ ቃል የሚመርጡ የቋንቋ ሰዎች የ2004ን ምርጫ ለዚሁ ቃል ሰጡት፤ ሰውን ወደ ገንዘብ መለኪያ ያወርዳል ብለው።

እኛ ደግሞ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. የሆነባት ሀገር ልጆች ነን፤ ሩቅ አይደለም፣ የአያቶቻችን ዘመን ነው። ሰው ንብረት ነበር። «ካፒታላችን አባሎቻችን ናቸው» ስንል ሳናውቀው ባለቤት የሌላ ሰው ይሆናል። «የአባሎቻችን ችሎታ ካፒታላቸው ነው» ካልን ባለቤቷ ራሷ ናት። የጀርመኖቹ ቅሬታ የሚገባን ቃሉ ለሰው ሲውል ነው፤ ለችሎታ ሲውል ግን እኛ አንቀበለውም። ለእኛ ለሴቶች የሚጠቅም ቃል ነውና።

እንዴት ይጠቅማል? «ሙያ» የሚለውን ቃላችንን እንመልከት። ወንድን «ባለሙያ ነው» ካሉት መሐንዲስ ወይም መካኒክ ነው። ሴትን «ባለሙያ ናት» ካሏት ዶሮዋን 12 ብልት አውጥታ ወጡን የምታጣፍጥ ናት። ምስጋና ነው፤ በሠርግ በድግስ ይነገራል። ቅጽ ሲሞላ ግን ያው ሙያ ይጠፋል። «ሥራ፦ የላትም» ይባላል። ሀያ ዓመት ቤት ያስተዳደረች ሴት «ሥራ የላትም»!

ወደ ረጂ ድርጅት የሚላኩ ማመልከቻዎችም ይህንኑ ይደግማሉ። አንዱን እንጥቀስ፣ የየትኛው ቡድን እንደሆነ ይቅር። «አባላቱ ምንም ዕውቀት የሌላቸው ሴቶች በመሆናቸው የሰው ካፒታላቸውን ለመገንባት የእንጀራ መጋገሪያ ይሰጠን» ይላል። ያዝንልናል ተብሎ ነው። ሁለት ነገር ግን ተበላሽቷል። አንደኛ፣ መጋገሪያ ዕቃ ነው፤ የሰው ካፒታል አይደለም። ሁለተኛ፣ ሴቶቹ ዕውቀት አላቸው። እርሾው መቼ እንደሚደርስ፣ አብሲቱ ምን ያህል እንደሚጣል፣ የትኛው ጤፍ ውኃ እንደሚያነሣ፣ ምጣዱ ሲሰማ በምን እንደሚታወቅ ማን አስተማራቸው? ከልጅነት ጀምሮ በጭስ ውስጥ የተማሩት ነው። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍስ፦ «አባላቱ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የኖሩ ናቸው። የሚጎድላቸው የኤሌክትሪክ ምጣድና የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ነው።» ምጣዱ የዕቃ ካፒታል፣ የሒሳቡ ትምህርት ለሰው ካፒታል የሚወጣ ወጪ ሆኖ በየቦታው ይቀመጣል። ገንዘብ የሚሰጠውም ለምን እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ጋጋሪዋንም ስለ መጋገር ላስተምርሽ ብሎ ሦስት ቀን አያስቀምጣትም።

ጭስ ካልን አይቀር፣ ጤናን እንዳትረሱ። ጭስ ዐይንንና ሳንባን ይጎዳል፤ ስለዚህ ጭስ ለሚቀንስ ምድጃ የወጣ ብር ማገዶ ለመቆጠብ ብቻ ሳይሆን ለሰው ካፒታልም የወጣ ነው። የሕፃናት ክትባትና ምግብም እንዲሁ። ይህን ሥራ በቤት ውስጥ በአብዛኛው ማን እንደሚሠራው ለእናንተ አንነግርም።

ሌላው የምናርመው ሥልጠናን ነው። «30 ሴቶች ሠልጥነው የሰው ካፒታል አደገ» ይባላል። ሥልጠናው ዘር ነው፤ መብቀሉ ገና አልታየም። ከሦስት ወር በኋላ ስንቶቹ መዝገብ ይይዛሉ? ስንቶቹ ትርፍና ኪሳራቸውን ለይተው ያውቃሉ? እሱ ይጻፍልን። አበልና ሻይ የጠጡት ቁጥር በገንዘብ ያዥ ዘንድ አለ።

ስለ ስያሜውም ጥቂት። «የሰው ኃይል» የሚሠሩ ሰዎችን ብዛት ይናገራል። «የሰው ሀብት» በመሥሪያ ቤት ቅጥርና ዕድገት የሚታይበት ክፍል ስም ሆኗል። አንዳንዶች «ሰብአዊ ካፒታል» ይጽፋሉ፤ ስሕተት አይባልም፣ ነገር ግን «ሰብአዊ» ሲባል ጆሯችን መብትንና ርዳታን ይሰማል። «ጥሪት» ይሁን ያሉም አሉ፣ ቃሉ ያምራል። ግን ጥሪት ሲመነዘር ያልቃል፤ ችሎታ ሲሠሩበት ይጨምራል፣ ሲተዉት ይዝጋል። ስለዚህ «የሰው ካፒታል» ላይ ረግተናል።

«በሰው ካፒታላችን ብድር አገኘን» የሚለውም ይታያል። ባንክ ሙያን በመያዣ አይቀበልም፤ ከባለቤቷ ተነጥሎ በሐራጅ አይሸጥምና። ብድር ያስገኘን አንዳችን ለአንዳችን ዋስ መሆናችን ነው። ዕድርና ዕቁብን ያቆመው መተማመን ማለት ነው፤ እሱ «ማኅበራዊ ካፒታል» ይባላል።

ቁጥር የምትጠቅሱም አላችሁ። የዓለም ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሰው ካፒታል መለኪያ የኢትዮጵያ ውጤት 0.38 ነበር። ይህ «ከሕዝቡ 38 በመቶው ተምሯል» ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ባለው ትምህርትና ጤና ሁኔታ አድጎ ሲሠራ፣ ትምህርቱን አሟልቶና ሙሉ ጤና አግኝቶ ቢሆን ሊያፈራ ይችል ከነበረው 38 በመቶውን ያህል ያፈራል ማለት ነው።

ወደ ዐረብ ሀገር ስለሄዱት እኅቶቻችን ስትጽፉ የላኩትን ገንዘብ ትጽፋላችሁ። ነርስ ሆና ተመርቃ ወለል የምታጥብ ካለች፣ ሥራ ሳይሠራበት ስለተቀመጠው ችሎታዋም ይጻፍ። ስትመለስ ይዛው ስለመጣችው ቋንቋና አረጋዊ መንከባከብም ይጻፍ፤ እሱን ከሻንጣዋ ጋር ማንም አይመዝነውም።

በአዲሱ የአባላት መዝገብ «ሙያ» የሚል ሰፊ ቦታ ተትቷል። መጻፍ የምትቸገሩ እናቶች ከስብሰባው በኋላ በግራ በኩል ካለው ጠረጴዛ ኑ፤ እናንተ ትናገራላችሁ፣ እኛ እንጽፋለን። ለሚቀጥለው እትም የሚሆን ጽሑፍም እዚያው እንቀበላለን።