ደመወዝና የሙያ አደራ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




አዘጋጅ ኮሚቴው በዚህ ርእስ ላይ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ የተመረጥሁት ከሌሎች የላቀ ዕውቀት ስላለኝ አለመሆኑን ወዲያውኑ ተረድቻለሁ። የተመረጥሁት ነገሩን ራሴ ያደረግሁት በመሆኔ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ የመጠጥ ውሃ መስመር ስነድፍ ቆይቼ፣ ዛሬ የምሠራው በአንድ ባንክ ውስጥ ለብድር መያዣ የሚቀርቡ ሕንፃዎችንና ማሽኖችን ዋጋ በመገመት ነው። ሥራዬን የለወጥሁት ለደመወዝ ስል ብቻ ነው። ይህን በመሸፋፈን የማተርፈው ነገር ስለሌለ፣ ገና ከመነሻዬ ተናግሬ ማለፉን መርጫለሁ።

በ1945 ዓ.ም. የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ መሐንዲስ መሆን ራሱን የቻለ ክብር ነበር። ክብሩ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ክብር የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ መድኃኒትም አይገዛም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አባቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። የእጥበቱ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ የምንዛሪው ለውጥ ለእኔ የጋዜጣ ወሬ ሳይሆን በየሳምንቱ የምቀበለው ደረሰኝ ነበር። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጻፍሁ። በዚህ አላፍርም። ልጅ አባቱን ማስታመሙን ከሙያ መክዳት የሚቆጥር ሰው ቢኖር፣ ሚዛኑን መልሶ እንዲመረምር እለምነዋለሁ።

እንግዲህ ወደዚሁ መንገድ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ፣ በመጀመሪያ እንደ መሐንዲስ ሒሳቡን ሥሩ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት፣ ከ14,000 ብር በላይ በሆነው የወር ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ግብር ይከፈላል፤ ሠራተኛው ለጡረታም 7 በመቶ ያዋጣል። በመሆኑም 30,000 ብር የነበረ ደመወዝ ወደ 50,000 ብር ቢያድግ፣ ከተጨመረው 20,000 ብር ላይ 8,400 ብር ተቀንሶ እጅ የሚገባው 11,600 ብር ነው። ከዚህም ላይ የሚቀረው የመስክ ውሎ አበል መቀነስ አለበት። በሌላ በኩል ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጡት የቤት ብድር ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ብድሩ ማሰሪያም መሆኑ አይዘንጋ፤ ሠራተኛው ሲለቅ ወለዱ ወደ ገበያው ተመን ከፍ የሚልበት ውል የተለመደ ነውና።

በሒሳብ መዝገብ የማይገባ ሌላ ወጪ ደግሞ አለ። ከለቀቅሁ ከስምንት ወር በኋላ በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት መሐንዲስ ስልክ ደወለልኝ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ ኢንጂነር፤ ምንጩ ላይ ውሃው በሚገባ ይገባል፤ ማጠራቀሚያው ጋ የሚደርሰው ግን የታሰበውን ግማሽ አይሞላም” አለኝ። መስመሩ 9 ኪሎ ሜትር ያህል በስበት ኃይል የሚወርድ ሲሆን፣ በመንገዱ ሁለት ጉብታዎችን ያልፋል። በእንዲህ ያለ መስመር ከፍ ባለው ቦታ ላይ አየር እየተጠራቀመ የውሃውን መተላለፊያ እንደሚያጠብ፣ ለዚህም የአየር ማስወጫ ቫልቭ እንደሚያስፈልግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ጉብታ በንድፉ ላይ ነበር። ሁለተኛው ግን የገበሬዎችን ማሳ ላለመንካት መስመሩን ባዞርንበት ጊዜ የተፈጠረ በመሆኑ፣ የተመዘገበው በኪሴ ማስታወሻ ደብተር ላይ ብቻ ነበር።

ሕጉ የሚጠይቀውን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ነበር። ነገር ግን የወሩን አብዛኛውን ክፍል በቀረኝ የዓመት ፈቃድ ስለጨረስሁት፣ ለርክክብ የዋለው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ወጣቱ ጥፋት የለበትም፤ ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። ቦታውን በስልክ አመለከትሁት፤ ቫልቩ ተገዝቶ ተገጠመ፤ ውሃውም ደረሰ። ዳሩ ግን እስከዚያ ድረስ በነበሩት አምስት ወራት የዚያች ከተማ ሴቶች እንስራቸውን ተሸክመው ቀድሞ ወደሚወርዱበት ወንዝ መውረዳቸውን አላቋረጡም። ሕግን ጠብቄ አደራን ግን መብላቴን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ላሳስብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ የሚለቅ መሐንዲስ ይልቀቅ፤ ነገር ግን ደብተሩን ሳያራግፍ አይሂድ። በአእምሮው የያዘውን ሁሉ በንድፉ ላይ አስፍሮ፣ ከተተኪው ጋር መስመሩን በእግሩ ሄዶ ያሳየው። ሁለተኛ፣ በየመሥሪያ ቤታችን አንድ ጎበዝ ነዳፊ ደመወዙ ከፍ እንዲልለት ኃላፊ መሆን ግድ ይሆንበታል። በዚህም ጥሩ ነዳፊ አጥተን ደካማ አስተዳዳሪ እናተርፋለን። ከሥዕል ጠረጴዛው ሳይነሣ የሚያድግበት የደመወዝ ደረጃ እንዲዘረጋለት ማኅበራችን አጥብቆ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ንግድ ወይም ወደ ውጭ አገር የሄድን ሁሉ ከአባልነት መዝገብ አንውጣ፤ የወጣቶችን ንድፍ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ብንመረምር ዕውቀታችን አይዝግም፤ የእነርሱም ስሕተት መሬት ላይ ሳይደርስ ይታረማል።

ወደ ቀድሞው ሥራዬ እመለሳለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ አባቴ አሁንም በሕክምና ላይ ናቸውና። የአሁኑ ሥራዬም የተናቀ አይደለም፤ አንድ ሕንፃ ከዋጋው በላይ ቢገመት የሚጠፋው የሰው ተቀማጭ ገንዘብ ነው። ቃል የምገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ወጣት መሐንዲስ ሲደውል ስልኬን አነሣለሁ። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜም በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ተገኝቼ ንድፍ ለመመርመር ስሜን አስመዝግቤአለሁ። ከስሜ በታች ያለው መስመር ገና ባዶ ነው።