ስቶክሆልምን ስትጎበኙ፦ ከተማዋ ያልደበቀችው መርከብ
(በማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ ምሽት የቀረበ ንግግር)



በቅድሚያ ይህን ዕድል ለሰጠኝ ለአዘጋጅ ኮሚቴው ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ «ስቶክሆልም ብንመጣ ምን እናያለን?» የሚል ነው። እዚያ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት ሆነውኛል። ከመካከላችሁም ለሥራ ወይም ለስብሰባ ብቅ ብላችሁ አብረን የዞርን አላችሁ፤ ስለዚህ የማስጎብኘት ልምዱ አለኝ ማለት ይቻላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ስዊድን ለእኛ ባዕድ አይደለችም። በ1954 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውን የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የማያውቅ መሐንዲስ እዚህ ያለ አይመስለኝም። የአገራችንን ሕንፃዎችና ትምህርት ቤቶች ከሠሩት ባለሙያዎች ብዙዎቹ በዚያ በር አልፈዋል።

ወደ ከተማዋ ልግባ። ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ናት። በምዕራብ በኩል የሜላረን ሐይቅ፣ በምሥራቅ በኩል የባልቲክ ባሕር አለ፤ ሁለቱ የሚገናኙት መሀል ከተማው ላይ ነው። መካከል ላይ ያለችው ደሴት አሮጌው ከተማ፣ በእነሱ አጠራር ጋምላ ስታን፣ ናት። ጠባብ መንገዶቿን፣ ቤተ መንግሥቱንና የኖቤል ሽልማት ሙዚየምን በእግር ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል።

አንድ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ ግን የት ልሂድ ቢለኝ፣ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዩርጎርደን ደሴት ላይ ያለው የቫሳ ሙዚየም። እስቲ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ቫሳ የንጉሥ ጉስታቭ 2ኛ አዶልፍ የጦር መርከብ ነበረች። በሁለት ፎቅ የተደረደሩ 64 መድፎች ነበሯት፤ ከአፍ እስከ ገደፏ በተቀረጹ ምስሎች ያጌጠች ነበረች። ነሐሴ 10 ቀን 1628 ሕዝቡ ወደቡ ላይ ተሰብስቦ ሊሸኛት ወጣ። ነፋሱ ቀላል ነበር። መርከቧ ግን 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ተጉዛ ዘመም አለች፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውኃ ገባባት፤ በሕዝቡ ፊት ሰመጠች። ሰላሳ ያህል ሰዎች ሞቱ።

ምን ሆነ? ከላይ ከበደች፤ ከታች ደግሞ ሚዛን የሚጠብቀው የድንጋይ ጭነት አልበቃትም። ጨምሩበት እንዳይባል፣ የታችኞቹ የመድፍ መስኮቶች ወደ ውኃው ሊቀርቡ ነው። ይህ የምሕንድስናው መልስ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከመስመጧ በፊት የሆነው ነው። ወደብ ላይ ሳለች ሙከራ ተደርጎባት ነበር። ሰላሳ ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እንዲሮጡ ተደረገ። ሦስት ጊዜ እንደተመላለሱ መርከቧ ክፉኛ ስለተንገዳገደች ሙከራው ቆመ። እዚያ የነበረው አድሚራል ይህን በዓይኑ አይቷል። ንጉሡ ግን በውጭ አገር ጦርነት ላይ ነበሩ፤ መርከቧ ቶሎ ትድረስልኝ እያሉ ይወተውታሉ። ዋናው መርከብ ሠሪ ደግሞ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቷል። ታዲያ ማን «ይህች መርከብ አትሄድም» ይበል? ማንም አላለም። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራም ጥፋተኛ ተብሎ የተቀጣ ሰው የለም።

መርከቧ 333 ዓመት ከባሕር ሥር ቆየች። የባልቲክ ውኃ ጨዉ ትንሽ ስለሆነ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትም፤ በዚህ ምክንያት ገላዋ ሳይበሰብስ ቆየ። አንደርሽ ፍራንሴን የተባለ ሰው በ1956 ያለችበትን ቦታ አገኘ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1961 ከነቅርጿ ተነሥታ ከውኃ ወጣች። እንጨቷ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል ለ17 ዓመታት ያለማቋረጥ ሲረጭባት ኖረ። አሁን ያለችበት ሙዚየም የተከፈተው በ1990 ነው፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ያያታል።

አስቡት እንግዲህ! ስዊድን ያሸነፈቻቸው ብዙ ጦርነቶች አሉ። ለእንግዳ በኩራት የምታሳየው ግን በንጉሡ ትእዛዝ ተሠርታ፣ በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ በራሷ ወደብ የሰመጠችውን መርከብ ነው። ለምን እንደሰመጠችም አስጎብኚው አንድ በአንድ ይነግራችኋል፤ ምንም አይደብቅም።

ሁለተኛው ቦታ ከዚያ በጀልባና በእግር የሚደረስበት ኩንግስትሬድጎርደን የሚባለው መናፈሻ ነው። በሚያዝያ የቼሪው ዛፍ ሲያብብ ከተማው ሁሉ ፎቶ ሊነሳ እዚያ ይሄዳል። እኔ ግን እንግዶቼን የምወስደው ወደ ትልልቆቹ የኤልም ዛፎች ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ከተማዋ ክላራ የሚባለውን አሮጌ ሰፈር አፍርሳ በዘመናዊ ሕንፃ ተክታለች፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈርሰዋል። በግንቦት 1971 ደግሞ ለምድር ባቡር መግቢያ ሲባል እነዚህ ዛፎች ሊቆረጡ ሆነ። ሕዝቡ በሌሊት ወጣ፤ ወጣቶች ዛፉ ላይ ወጥተው አልወርድም አሉ፤ ከፖሊስ ጋር ግብግብ ሆነ። በመጨረሻ የከተማው አስተዳደር ሐሳቡን ለወጠ፤ የባቡሩ መግቢያም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ብዙ ስዊድናውያን ስለ ክላራ መፍረስ ዛሬም በቁጭት ያወራሉ፤ ስለ ዛፎቹ ግን ደስ እያላቸው ነው የሚያወሩት።

ያው ባቡር ጣቢያ ራሱ መታየት ያለበት ነው። በ1977 ሲከፈት ዓለቱ እንዳለ ተትቶ በቀለምና በቅርጻ ቅርጽ አጊጧል። ከ100ዎቹ ጣቢያዎች ከ90 በላይ በሚሆኑት የሥነ ጥበብ ሥራ አለ፤ ለማየት የሚያስፈልጋችሁ የባቡር ትኬት ብቻ ነው።

ጊዜ ያለው ሌሎቹንም ይጨምር። ስካንሰን በ1891 የተመሠረተ ክፍት ሙዚየም ነው፤ ከገጠር ተነቅለው የመጡ የገበሬ ቤቶች፣ ወፍጮና ቤተ ክርስቲያን አሉበት። ከእኛ ጎጆ ጋር እያነጻጸራችሁ ብዙ ትቆያላችሁ። የከተማው አዳራሽ ስታድሁሴት በ1923 የተመረቀ ሲሆን በየዓመቱ ታኅሣሥ 10 ቀን የኖቤል እራት የሚበላበት ነው። «ሰማያዊ አዳራሽ» የሚባለው ክፍል ሰማያዊ አለመሆኑን ስታዩ አትደነቁ፤ አርክቴክቱ ቀዩን ጡብ ካየ በኋላ ቀለም ለመቀባት አልጨከነም። ድሮትኒንግሆልም ቤተ መንግሥት በበጋ በጀልባ ይኬዳል፤ በ1766 የተሠራው ቲያትር ቤት የመድረክ ማሽኖች እስካሁን በሰው እጅ ይንቀሳቀሳሉ። ከከተማዋ ወጣ ስትሉ ደግሞ 30,000 ያህል ደሴቶችና ቋጥኞች ይጠብቋችኋል።

ጥቂት ምክር፦ ሰኔ ላይ ኑ፤ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። በታኅሣሥ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጨልማለች። ካርድ ያዙ፤ ብዙ ቦታ ጥሬ ብር አይቀበሉም። ከሰዓት በኋላ «ፊካ» ቢሏችሁ እሺ በሉ፤ ሄልና ቀረፋ ካለበት ዳቦ ጋር ቡና እየጠጡ መጨዋወት ነው፤ ለእኛ ሰው ትምህርት አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በየመገናኛችን ስለተሾሙት፣ ስለተሸለሙት፣ ስለተሳካልን እናወራለን፤ ደግ ነው። ነገር ግን ያልተሳካውስ? የተሰነጠቀው ድልድይ፣ በወረቀት የቀረው ፕሮጀክት፣ ተጀምሮ የተተወው ጥናት ለልጆቻችን የሚነገረው የት ነው? ማኅበራችን በየመሳቢያችን ያለውን የድሮ ንድፍ፣ ፎቶና ሪፖርት፣ የወደቀውንም ጭምር፣ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንዲሰበስብ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያውን ሣጥን እኔ አመጣለሁ።

ለመምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ያኔ መርከቧ ስትንገዳገድ ያዩ ሰዎች ዕውቀት አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው «ትሰምጣለች» ብሎ መናገር ነው። ዛሬ የምናስመርቀው ልጅ ሒሳቡን መሥራት ይችላል። አለቃው እየቸኮለ፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ እንግዳው ተጠርቶ ሳለ «ይህ አይሆንም» ማለትንስ የት ይማራል? ክፍል ውስጥ መምህሩን «ተሳስተዋል» ብሎ የማያውቅ ተማሪ፣ ነገ ንጉሡን እንዴት ይላል?

ስቶክሆልም ስትመጡ ደውሉልኝ፤ ቫሳን አብረን እናያለን።