ከቆዳ ስር የሚዘልቀው ብርሃን

ኮምፒውተር የሚሠራው የሰው ፊት ለብዙ ዓመታት ፕላስቲክ ይመስል ነበር። ለምን? ትልቁ ምክንያት ቆዳ ነው።

የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ብርሃን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከዚያው ነጥብ ተንጸባርቆ እንደሚመለስ አድርገው ያሰሉ ነበር። እውነተኛ ቆዳ ግን ብርሃንን ያስገባል። ጨረሩ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ይበተናል፣ ከዚያም ከገባበት ጥቂት ራቅ ብሎ ይወጣል። ቀዩ ብርሃን ከሰማያዊው ርቆ ስለሚጓዝ፣ ፀሐይ ከበስተኋላው የመታችው ጆሮ ቀልቶ ይታያል። የእጅ ባትሪ አብርቶ ጣቱን የደቀነበት ሰው ይህንኑ ያያል።

በ2001 እ.ኤ.አ. ሄንሪክ ዋን ጄንሰንና ሦስት ባልደረቦቹ ይህን መበተን በተግባር ለማስላት የሚያመች ዘዴ አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ሁለተኛ ፊልም የታየው፣ በኮምፒውተር የተሠራው ገጸ ባሕርይ የጎለም ቆዳ ሕያው የመሰለው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ድንቅ ሥራ ነበር፤ የአሜሪካ የፊልም አካዳሚም በ2004 ለጄንሰን፣ ለስቲቨን ማርሽነርና ለፓት ሃንራሃን የቴክኒክ ሽልማት ሰጥቷል።

ብርሃኑ ብቻ ግን አይበቃም። በ2008 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተዋናይት ኤሚሊ ኦብራየንን ዙሪያዋን በመብራት ከበው ፎቶ አነሷት፤ የቆዳዋን ቀዳዳና ጥቃቅን ሽብሽብ ሳይቀር ወደ ኮምፒውተር ገለበጡ። የአንድ ሰው ፊት ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል አይደለም፤ ያን ልዩነት የሚያለሰልስ ሠዓሊ ሰውየውን ያጠፋዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ዓይን ነው። በታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ ያለችው ቀጭን እርጥበት ከተረሳች፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም ፊቱ የሞተ ይመስላል።